በዘጠና ቀን አፈር ይሆናል

የዶዘሩ ኦፕሬተር ከተናደው ክምር ውስጥ ያወጣውን ፌስታል በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መጣና፣ ጭቃውን አራግፎ ኬሚስቷ አፍንጫ ሥር ዘረጋው።

«እንኪ ዶክተር፣ ልጅሽን ተረከቢ። ሦስት ዓመት ሙሉ አቅፈን አሳደግንልሽ። አንድ ቀን እንኳ አልታመመም።»

ዙሪያውን የቆሙት ሠራተኞች ከአንጀታቸው ሳቁ። እሷም ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ አልታዘዛትም።

ዶክተር አይደለችም። የፌስታል ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራ፣ በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላት ሴት ናት። «ዶክተር» የሚላት አጎቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባችበት ቀን ጀምሮ አፉን ሞልቶ እንዲያ ሲጠራት፣ ስሙ እሱ እስከሚሠራበት የቆሻሻ ማስወገጃ ጣቢያ ድረስ ወርዶ እዚያው ተለጠፈባት።

ፌስታሉን ተቀበለች። ምንም አልሆነም። የታተመበት አረንጓዴ ቅጠል አልደበዘዘም። ከቅጠሉ ሥር «ከበቆሎ የተሠራ። በዘጠና ቀን አፈር ይሆናል» የሚለው ጽሑፍ ጥርት ብሎ ይነበባል። ከዚያም ሥር የላብራቶሪዋ የፍተሻ ቁጥር አለ፤ ሰባቱም አሃዝ፣ አንድ ሳይጎድል። ውስጡ የድንች ልጣጭ ነበር መሰል፣ ስትዘቀዝቀው ጥቁር ጭቃ ሆኖ ጫማዋ ላይ ተንዠቀዠቀ። አፈር የሆነው ልጣጩ ነው። ፌስታሉ ቢታጠብ ዳቦ ይገዛበታል።

«ደግሞ ይኼ ብቻ እንዳይመስልሽ» አለ ኦፕሬተሩ። «ና ብትዪው ተግተልትሎ የሚመጣ ስንት ሺህ ወንድም አለው።»

እውነቱን ነው። ዝናብ የቆረሰው የክምሩ ጎን ፊት ለፊቷ ቆሟል። ከታች እስከ ላይ አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ፤ ፌስታልና አፈር ተደራርቦ የተዘጋ መጽሐፍ ጠርዝ ይመስላል። በየድርቡ መሀል መውጫ አጥቶ የታቆረው ጥቁር ውሃ አሁን በየቦታው ጠብ ጠብ ይላል። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል።

አጎቷ ራቅ ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። የጣቢያው የሥራ መሪ ነው። ሠራተኞቹ «ሻምበል» ይሉታል፤ ጦር ሜዳ ቀርቶ የሰልፍ ሜዳ ረግጦ አያውቅም፣ ግን መኪኖቹን የሚያስተናግድበት ፊሽካ ከአንገቱ አይለይም። ሌላ ጊዜ ሠራተኛ እንዲህ ተሰብስቦ ሲሳሳቅ ቢያይ ፊሽካውን ነፍቶ ሁሉንም ወደየሥራው ይበትን ነበር። ዛሬ ፊሽካውን አልነካውም።

«አየሽው?» አላት።

«አየሁት፣ ጋሼ።»

«በቃ። እንድታዪው ነው የጠራሁሽ።»

ይህን ብሎ ጀርባውን ሰጣትና ወደ መኪኖቹ ሄደ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

የነገሩ ጣጣ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ፋብሪካው ከበቆሎ የሚሠራውን ፌስታል ማምረት ሲጀምር የከተማው ሱቅ ሁሉ ተሻማበት። ሰዉም ስሙን አሳጥሮ «በቆሎ» ይለው ጀመር፤ ቲማቲም የገዛ ሰው «በበቆሎ አድርጊልኝ» ሲል መስማት የተለመደ ሆነ። ቆሻሻ ጣቢያው በበኩሉ ቦታ እያለቀበት ነበር። አጎቷ ታዲያ አንድ ሐሳብ አመነጨ፤ የበቆሎውን ፌስታል ከነወጥ ቤት ቆሻሻው ለብቻው እንሰብስብ፣ ለብቻው እንቅበር፤ በዓመት በሁለት ዓመት በስብሶ ክምሩ ሲሰምጥ ከላዩ ሌላ እንጨምርበታለን፤ አዲስ መሬት መውሰድ ቀረ ማለት ነው። ሐሳቡን በገዛ እጅ ጽሑፉ ለዋናው መሥሪያ ቤት አስገባ። ተቀባይነት አገኘ። በስብሰባ ላይ አስነሥተው አጨበጨቡለት።

ሦስተኛው ክምር የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። አጎቷ መሀሉ ላይ የመለኪያ ብረት ተክሎ በየወሩ ይለካ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ክምሩ የወረደው ሁለት ጣት ነው። ከዚያ የዘንድሮው ዝናብ መጣ፤ ውሃው በፌስታሉ ድርብ ላይ እየተኛ፣ እየተንሸራተተ፣ ባለፈው እሑድ ግማሹ ክምር ተንዶ የጣቢያውን መግቢያና የመኪና መመዘኛዋን ቤት ዋጠ። እሑድ በመሆኑ ሰው አልነበረባትም። ሰኞ ቢሆን ኖሮ ሁለት መዛኝና ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች ይኖሩባት ነበር።

ሐሙስ አጣሪ ኮሚቴ ይቀመጣል። ጥፋቱ የሥራ መሪው ነው ከተባለ፣ ጡረታ ሊወጣ አሥር ወር የቀረው ሰው ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ተባርሮ ይወጣል።

ኬሚስቷ ይህን ሁሉ ታውቃለች። እዚያ ከቆሙት መሀል ኦፕሬተሩም ሆነ ሌላው ሠራተኛ የማያውቀውን ነገርም ታውቃለች።

ያኔ ፍተሻውን የሠራችው ራሷ ናት። በትክክል ነው የሠራችው፤ ይህን ማንም አይወስድባትም። ፌስታሉን በጥፍር ልክ ቆራርጣ ጥቁር ኮምፖስት በሞሉ ሰፋፊ ብልቃጦች ውስጥ ጨመረችው። ብልቃጦቹን ሙቀቱ ሃምሳ ስምንት ዲግሪ ላይ በተሞላ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ደረደረች። ውሃ ረጨች፣ አየር እንዲያገኝ አገላበጠች፣ መዘነች፣ መዘገበች። በዘጠናኛው ቀን ኮምፖስቱን ስትነፋው ወንፊቱ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ሪፖርቷም ላይ ምንም አልደበቀችም፤ «በሃምሳ ስምንት ዲግሪ ሙቀት፣ አየርና እርጥበት በሚያገኝ የማብላያ ጣቢያ ውስጥ በዘጠና ቀን አፈር ይሆናል» ብላ ጻፈች።

በከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ፣ ቆሻሻን እያሞቀ ወደ ኮምፖስት የሚለውጥ የማብላያ ጣቢያ የለም። በአጎራባች ከተሞችም የለም። ያለው ያው የአጎቷ ክምር ነው፤ እዚያ ሥር ደግሞ ሙቀቱ ከሠላሳ ዲግሪ ብዙም አይዘልም፣ አየርም የለም። አየርና ሙቀት ያጣ እንዲህ ያለ ፕላስቲክ እናቱ በቆሎ ትሁን ነዳጅ ለውጥ የለውም፤ ተኝቶ ይኖራል። ይህንንም ያኔ ታውቅ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ፌስታሉ ላይ ለጽሑፍ የተተወው ቦታ የአራት ጣት ስፋት ብቻ ስለነበረው ነው። ንድፍ ሠሪው ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ሲያስገባው ፊደሉ ጉንዳን አከለ። ፊደሉን ሲያተልቀው ጽሑፉ ቅጠሉን በላው። ቅጠሉን ሲያሳንሰው የሽያጭ ኃላፊው ጮኸ። «እኔ የምሸጠው ቅጠሉን ነው እኮ! ሰው ፌስታል የሚገዛው ሊያነብበት ነው እንዴ?» አለ። የምሳ ሰዓት አለፈ። እሷ ደግሞ ሰው ነገር ሲያንዛዛ ደሟ የሚፈላ ዓይነት ናት። እስክሪብቶዋን አነሳችና «በሃምሳ» ከሚለው እስከ «ውስጥ» ያለውን፣ አሥሩን ቃል፣ በአንድ መስመር ሰረዘችው።

«ይኸው፣ ገባላችሁ። እንሂድ» አለች። ከሥሩ ፈረመች።

ማንም አላስገደዳትም። ማንም አልለመናትም። ርቧት ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ራሷን የምታባብልበት ሰበብ አታጣም። ከወር በኋላ ግን አጎቷ ቤት ተቀምጣ ሳለች፣ እሱ መነጽሩን አድርጎ አዲሱን ፌስታል በብርሃን ላይ እያገላበጠ መጣ።

«ይኼ ነገር እውነት ነው?»

«ተፈትኗል፣ ጋሼ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። እኛ ጋ ቢቀበርስ? ከሥር፣ ታፍኖ? እኔ የሃያ ዓመት ጋዜጣ ከጉድጓድ አውጥቼ የስፖርት ዜናውን አንብቤያለሁ። እኛ ጋ የገባ ነገር አይቸኩልም።»

እሷ ስልኳ ላይ መልእክት እየጻፈች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

«ኧረ ጋሼ! ተጽፏል እኮ። ዘጠና ቀን።»

«እሺ» አለ። «አንቺ ካልሽ።»

በማግስቱ ያንን ሐሳብ መጻፍ ጀመረ።

ክምሩን ባየች ማግስት፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ አጎቷ ቤት ሄደች። ልትነግረው ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሦስት ጊዜ በልቧ ተለማመደችው፤ ሦስቱንም ጊዜ «ግን» የሚል ቃል እየገባ አበላሸባት።

በሩን የከፈተችላት የአጎቷ ሚስት ናት። አባትና እናቷ ካለፉ በኋላ፣ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው።

«መጣሽ? እሰይ፣ ግቢ። ያ ሰውዬ ከትናንት ጀምሮ ወረቀት ላይ እንደተጎለተ ነው። አይበላ፣ አይናገር። የፍቅር ደብዳቤ ይሆን እንዴ ብዬ ሰርቄ ላይ ብል በእጁ ጋረደብኝ።»

«በዚህ ዕድሜው፣ እትዬ?»

«ዕድሜውስ ይሁን። ለኔ አንድ መስመር ጽፎልኝ ስለማያውቅ ነው የገረመኝ።»

አጎቷ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ወረቀቱን ወደሷ ገፋው።

«ደግ ጊዜ መጣሽ፣ ዶክተር። የጽሑፍ ሰው ነሽ፤ ይቺን እዪልኝ። የሳትኩት ፊደል ካለ አርሚው። ለኮሚቴው ነው፣ ሰው እንዳይስቅብኝ።»

ቆማ አነበበችው። እንደ ድሮ ሰው ጽሑፍ ተስተካክሎ የተጻፈ ነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ነጥቡ የደመቀ። ሦስተኛው ክምር ሲሠራ በየድርቡ አርባ ሴንቲሜትር አፈር ይደረግ የሚለውን መመሪያ በቸልተኝነት እንዳልጠበቀ፣ ፌስታሎቹ ሳይበሰብሱ የቀሩትም በእሱ የአሠራር ጉድለት እንደሆነ ይላል። ስለ ፋብሪካው አንድ ቃል የለም። ስለ ላብራቶሪ የለም።

«ጋሼ፣ ይኼ እውነት አይደለም።»

«ፊደሉን ነው እዪልኝ ያልኩሽ።»

«አፈሩን አድርገሃል። ትናንት በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አንድ ድርብ አልዘለልክም!»

«ቀስ በይ።» ተነሥቶ የወጥ ቤቱን በር ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ። «እትዬሽ ጆሮዋ ቀጭን ነው።»

እሷም ተቀመጠች። አውቶቡስ ውስጥ ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት፤ የቀራት ዋናው ነገር ብቻ ነው።

«ያኔ የጠየቅከኝ ቀን፣ እናንተ ጋ እንደማይበሰብስ አውቅ ነበር።»

አጎቷ መነጽሩን አወለቀ። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ድምፅ እንዳያሰማ የተጠነቀቀ ይመስላል።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«እንደምታውቂ። አምና ብረቱ ሁለት ጣት ብቻ ሲወርድ፣ የሌላ ጣቢያ መሐንዲስ ጠየቅሁ። ‹ይኼ እኮ ሃምሳ ስምንት ዲግሪ ይፈልጋል› ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ያወቀውን አንቺ ሳታውቂው ትቀሪያለሽ?»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ ዝም አልከኝ?»

«ምን ልበልሽ? ክምሩ ተሠርቷል። ላፍርሰው?» ትከሻውን ነቀነቀ። «አንቺ ገና ሠላሳ አልሞላሽም። እኔ አሥር ወር ነው የቀረኝ።»

«ለኔ ብለህ ልትባረር?»

«ላንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ!» አለ፤ አሁን ቆጣ ብሏል። «ለራሴም ነው። ቸልተኛ ነው ቢሉኝ ይበሉ፤ ቸልተኛ ሞልቷል፣ ማን ያስታውሰኛል? ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሻሻ ውስጥ የኖረ ሰው፣ ፌስታል ላይ የተጻፈ አምኖ ኮረብታ ሠራ ቢሉኝ ግን መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ። ኦፕሬተሩ እስኪሞት ሲያወራው ይኖራል። ገባሽ? ጅል አይበሉኝ።»

«ፌስታሉን አይደለም ያመንከው። እኔን ነው።»

«እሱ ነዋ ጅልነቱ» አለ።

ከወጥ ቤት የሳህን መንኳኳት ይሰማል። እስክሪብቶውን አንሥቶ ሰጣት።

«በይ አርሚ።»

አረመችው። ሁለት ቦታ የተሳተ ፊደል አስተካከለች፣ አንድ ቦታ ነጠላ ሰረዝ ጨመረች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። በኋላ ስታስበው ከሁሉ በላይ ያሳፈራት ይህ ነው፤ እጇ አለመንቀጥቀጡ። ወረቀቱን መልሳ ስትሰጠው «ተባረኪ» አላት፤ ያሳደገቻት ሴትም እራት አቀረበች፤ እሷም በላች። ጥሩ አድርጋ በላች።

ረቡዕ ጠዋት የላብራቶሪ ጋዋኗን ሳትለብስ ወደ ፋብሪካው ፋይል ክፍል ገባች። የድሮ ኅትመቶች ረቂቅ በዓመት በዓመት ታስሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የምትፈልገውን አገኘችው፤ አረንጓዴው ቅጠል፣ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር፣ በላዩ ላይ ቀጥ ያለ ሰማያዊ መስመር። መስመሩ አንድም ቦታ አልተጠማዘዘም። የተጣደፈ ሰው መስመር ነው፣ ያመነታ ሰው መስመር አይደለም።

የሽያጭ ኃላፊው በበሩ ሲያልፍ አያትና ብቅ አለ። ቀልደኛ ሰው ነው፤ በጠዋት የማይቀልድበት ቀን የለም።

«ምን ፍለጋ ነው? የድሮ ፍቅረኛ ፎቶ?»

«የበቆሎውን ረቂቅ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ እንጂ ዓይኑ ሳቁን ተወ። ገብቶ በሩን ዘጋው። የክምሩን መናድ ሰምቷል።

«ስሚኝማ እህቴ። ሪፖርትሽ ላይ ሃምሳ ስምንት ዲግሪ ተጽፏል?»

«ተጽፏል።»

«ታዲያ ማን ዋሸ? ሪፖርቱ እውነት ነው፤ ፌስታሉ ላይ ያለው ደግሞ አጭር ነው። አጭር መሆን ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«እነሱ ያነበቡት አጭሩን ነው።»

«እሱ የአንባቢ ጣጣ ነው።»

ይህን ሲል ረቂቁን መደርደሪያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ቃሉ ነውር ስለሆነ አይደለም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ለራሷ ስትለው የኖረችው፣ ቃል በቃል፣ ይኸው ነው። ከራሷ አፍ ሲወጣ ብልህነት ይመስል ነበር።

ኃላፊው ወደ ረቂቁ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ጫፍ ነካው። «ደግሞ ልብ በይ። ይኼ ፊርማ የኔ አይደለም። የንድፍ ሠሪውም አይደለም። ይኼ ወረቀት ከዚህ ክፍል ከወጣ ፋብሪካው ‹አንዲት ሠራተኛ በገዛ ፈቃዷ› ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔም ጠላትሽ ሆኜ አይደለም፤ ብጠየቅ እንደዚያው ነው የምለው። እውነት ስለሆነ።»

«እውነት ነው» አለችው።

ቀልድ የፈለገ መሰለ፤ አላገኘም። ወጥቶ ሄደ። እሷ ረቂቁን ኮፒ አድርጋ ዋናውን መደርደሪያው ላይ መለሰች፣ ኮፒውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ያን ቀን የተረፈውን ሰዓት ብልቃጥ ስታጥብ ዋለች። የታጠበ ብልቃጥ ነበር ያጠበችው።

ኮሚቴው የተቀመጠው በዋናው መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ፣ ወንበሮቹ የማይመሳሰሉበት የስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የሕግ ሰው የሆነው ሰብሳቢ፣ ጭቃ የነካ ጫማዋን ሳትቀይር የመጣች መሐንዲስ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ። አጎቷ ለሠርግና ለቀብር ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል። ደብዳቤው ከሰብሳቢው ፊት ነው።

እሷ አልተጠራችም። አንኳኩታ ገባች።

«ማን ልበል?» አላት ሰብሳቢው። «ምስክር ነሽ?»

«አይደለሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንሥቶ ቆየ። «በምን ልመዝግባት?» ብሎ ሰብሳቢውን ጠየቀ።

አጎቷ ከወንበሩ ብድግ አለ። «የወንድሜ ልጅ ናት። አዝናልኝ ነው የመጣችው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ውጪ አንቺ!»

አልወጣችም። ኮፒውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና ተናገረች። ማሞቂያ ሳጥኑን፣ ዲግሪውን፣ አሥሩን ቃል፣ ምሳውን። አጎቷ ቤቱ ተቀምጣ ሳለች የጠየቃትን፣ የመለሰችለትንም። አንድም ጊዜ «ግን» አላለችም።

ሰብሳቢው ወደ አጎቷ ዞረ። «ጠይቀዋት ነበር?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ጠይቆኛል። ሁለት ጊዜ።»

«ዝም በይ ብያለሁ!»

ሰብሳቢው ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ወደ ጎረቤቱ ሲገፋ ነው የማውቀው። እንዲህ የሚሻማበት ሰው ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ከሁለት አንዳችሁ እየዋሻችሁኝ ነው።»

መሐንዲሷ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ከማስታወሻዋ አንድ ገጽ ገለጠች።

«ትናንት ክምሩን ስለካ ነው የዋልኩት። አፈሩን አርባ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ፣ አርባ አንድ ነው ያገኘሁት። እንዲህ በጥንቃቄ የተደረበ ክምር ከዚህ በፊት አላየሁም። እርስዎ ግን አፈሩን አላደረግሁም ብለው ፈርመዋል። ለምን?»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስደግፎ ጠበቀ። ከኮሪደሩ የሰው ሳቅ አልፎ ሄደ።

«ጠይቄያት ነበር» አለ በመጨረሻ። አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው። «የሚሆን አልመሰለኝም ነበር። ሠላሳ ዓመት ያየሁት ሌላ ነው። አመንኳት።»

ጸሐፊው ጻፈው። እስክሪብቶው ሲፈጭ ይሰማል። ኬሚስቷ አጎቷን ማየት አልቻለችም፤ ወረቀቱን አየች። «አመንኳት» የሚለው ቃል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ፣ ነጥብ ተደርጎበት አለቀ።

«እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች መሐንዲሷ፣ ወደሷ ዞራ። «እንዳለ ብንተወው በስንት ዓመት ይበሰብሳል?»

«አላውቅም። እንዲህ ባለ ክምር ውስጥ አልፈተንኩትም። ሃምሳ ዓመት ሊሆን ይችላል፣ መቶ ሊሆን ይችላል። ከኛ ቀድሞ የሚያልቅ አይመስለኝም።»

«ይህን ያኔ ቢሉን ኖሮ ክምሩን በሌላ መንገድ እንሠራው ነበር። ውሃ መውጫ እናደርግለት ነበር።» በቁጣ አይደለም ያለችው። ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው ነው።

ለአንድ ሰዓት ያህል ኮሪደር ላይ አስጠበቋቸው። አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ በመሀላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር። ተመልሰው ሲገቡ ሰብሳቢው ሳይቀመጥ ነገራቸው። አጎቷ አይባረርም። ሐሰተኛ ቃል ፈርሞ ስላቀረበ ግን ከሥራ መሪነቱ ተነሥቶ እስከ ጡረታው መዝገብ ቤት ይመደባል። ክምሩን ሌላ ሰው ተረክቦ ያስፈርሰዋል። ፋብሪካው ጽሑፉን ከፌስታሉ ላይ እንዲያነሣ ይታዘዛል፤ የሷን ጉዳይ ፋብሪካው ራሱ ይጨርሰው፣ ደብዳቤው በሳምንቱ መጨረሻ ይደርሳል።

ደረጃውን እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ወረዱ። እፎይታ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር። ሰው ጥፋቱን ሲናገር ይቀለዋል ሲባል ስለሰማች፣ እንደ መድኃኒት ሰዓቱን ጠብቆ የሚሠራ መስሏት ነበር። አልመጣም። የመጣው ከፊቷ የሚወርደው የኮቱ ጀርባ ነው።

«ጋሼ» አለችው።

አልዞረም። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አቋርጦ ሄደ፤ ተከተለችው። እዚያ እንደደረሱ የሱ ስልክ ጮኸ። ሚስቱ ናት። ስልኩን ትንሽ አየውና፣ ሳያነሣው ለሷ ዘረጋላት።

«አንቺ ንገሪያት። የመናገር አመል ይዞሻል።»

ተቀበለችውና አነሣችው። «እትዬ፣ እኔ ነኝ። አልተባረረም።»

«ተመስገን! ተመስገን። ታዲያ ምን አሉት?»

«ከሥራ መሪነቱ አነሡት። እስከ ጡረታው መዝገብ ቤት ይቀመጣል።»

«መዝገብ ቤት? እሱ? አቧራ ያስነጥሰዋል እኮ።» ወዲያው ድምፅዋ ወረደ። «ጥፋቱ የማን ነው ተባለ?»

«የኔ።»

ከወዲያ የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ይሰማ ነበር። ቧንቧው ተዘጋ።

«ያንቺ እንዴት ይሆናል?»

«ጠይቆኝ ነበር፣ እትዬ። ውሸት መለስኩለት።»

«ለምን?»

ቁጣ የለበትም። ማወቅ የፈለገ ሰው ጥያቄ ነው። ኬሚስቷ የተሻለ መልስ እንዲመጣላት ጥቂት ጠበቀች።

«ቸኩዬ» አለች።

ሌላ የሚጨመርበት ነገር አልነበረም። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሰው መውረድ ጀመረ።

«እሱን ስጪኝ» አለች የአጎቷ ሚስት።

ቀና ስትል አጎቷ ተሳፍሯል። በመስኮቱ በኩል አየችው፤ ሹፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊቱን ያያል። ስልኩን ከፍ አድርጋ አሳየችው። በሩ ተዘጋ።

«ሄደ፣ እትዬ።»

«ስልኩን ላንቺ ጥሎ?»

«አዎ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው፤ አልተቋረጠም።

«ስልኩን ይዘሽለት ነይ» አለች ያሳደገቻት ሴት። «በሩን ግን እኔ አልከፍትልሽም። ካንኳኳሽ በኋላ እሱ እስኪነሣ ትጠብቂያለሽ።»

«እሺ።»

«ዛሬ ላይነሣም ይችላል።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ከዚህ በኋላ ስልኩ ተዘጋ። የሚቀጥለው አውቶቡስ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ አጠገቧ የቆመችውን ሴት ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና ተወችው። ተራ ያዘች።